ሐሙስ ለቅሶ አለ

በስምንት ዓመቴ ሰው ገድያለሁ።

ቆይ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ፤ ናይን ዋን ዋን የሚያስደውል ነገር የለውም። የገደልኳቸው ሴትዮ ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ኖረዋል። እኔ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ድረስ ነፍሰ ገዳይ ነበርኩ። የገደልኩበት መሣሪያ ደግሞ ይሄ ምላሴ ነው። ዛሬም አለ፤ አልዶለዶመም።

ያኔ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሁን ያለሁበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤ እኔና እናቴ የዓለምዘርፍ። በሱዳን በኩል አድርገን ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እናቴ ቢሮ ታጸዳለች። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ማስተርጎም ነበር። እንግሊዝኛው ከሁሉም ቀድሞ እኔን ስለገባኝ፣ የሕንፃው ሐበሻ ሴቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ስቶር ሲሄዱ፣ ኢሚግሬሽን ሲሄዱ እጄን ይዘው ነው። "ስሂን፣ ነይ እስቲ ይቺን ንገሪልኝ!" በስምንት ዓመቴ የማን ማህፀን ምን እንደሆነ፣ የማን ባል ለማን ደብዳቤ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስለ ፕላኔት መስማት ምን ይጥማል? አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ተለያየን። እሱም አልለመነኝ፣ እኔም አልለመንኩት።

ከበራችን ፊት ለፊት፣ ሦስት መቶ አራት ቁጥር፣ እማማ ዳርካ ይኖራሉ። ስማቸው ኦዳርካ ነው፤ እማዬ ናት ያሳጠረችው። መጀመሪያማ እማማ ራሺያ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ምን እያልናቸው እንደሆነ ገባቸውና ኮሪደሩን በከዘራቸው ሦስት ጊዜ መቱት።

"ዩክሬን! ዩክሬን! ዩክሬን!"

"ውይ እማማ፣ ይቅርታ! እኛንም እኮ ሱዳን ይሉናል" አለቻቸው እማዬ በአማርኛ። እሳቸው ምን እንደገባቸው እንጃ፣ አቀፏት።

ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። እማዬ በአማርኛ፣ እማማ ዳርካ በራሳቸው ቋንቋ፣ እየጮኹ አንድ ሰዓት ያወራሉ። እኔ መሃል ገብቼ ላስተርጉም ስል "አንቺ ደግሞ አትበጥብጪን!" እባላለሁ። የተዋወቁት በሥራ ነው። እማማ ዳርካ ዲሲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቢሮ አጽድተው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ በቦታቸው የገባችው እናቴ ናት። ያንን ሰው ይዞ የሚሮጠውን የወለል ማሽን እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ማሽኑ እናቴን እየጎተተ ከመስታወት በር ሊያላትማት ሲል፣ እማማ ዳርካ በዚያ ጉልበታቸው ሮጠው ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉት።

"ነፍሴን ነው ያተረፉት" ትላለች እማዬ።

ከነቀሉ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁባት፤ ይሄን የነገሩኝ እትዬ ዘይነብ ናቸው። እትዬ ዘይነብ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ የደሴ ሴት ናቸው። ወሬ የተማርኩት ከሳቸው ነው። ዲግሪ ቢሰጡበት ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

ታዲያ እማማ ዳርካ ያን ያህል እየወደዱን አንድም ቀን ቤታቸው አስገብተውን አያውቁም። ስናንኳኳ በሩን እጅ የማያስገባ ያህል ይከፍቱታል። ከላይ አንድ ሰማያዊ ዓይን፣ ከታች የድመት አፍንጫ ይታያል። ድመቱ ሙርኮ ይባላል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ የጌታ አረማመድ ያለው። እና ይሄ ጌታ ፀጉሩ በየሳምንቱ ይጎድል ነበር!

አንድ ቅዳሜ ሾልኮ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። ብብቱ ስር መላጣ። ጀርባው ላይ ሌላ መላጣ። ልመልሰው ስሄድ በራቸው ገርበብ ብሏል። በአንድ ዓይኔ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ መቀስ። ከመቀሱ አጠገብ የሙርኮ ፀጉር በክር በክር ታስሮ ተደርድሯል። ብርጭቆ ውስጥ የእንቁላል አስኳል፣ ነጩ የለም፣ አስኳሉ ብቻ። እማማ ዳርካ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር፤ ዞር ሲሉ ሁለት እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ደም!

ድመቱን ጥዬ እግሬ አውጪኝ። በደረጃው ቁልቁል፣ ቀጥታ እትዬ ዘይነብ ቤት።

"ድመቱን በትንሽ በትንሹ እየቆረጡ ይበሉታል!"

"በምን?"

"በእንቁላል!"

"ቢስሚላሂ! በጥሬው?"

"አላየሁም። ግን ምድጃው አልበራም።"

"በቃ በጥሬው ነው" አሉ እትዬ ዘይነብ፣ ነጠላቸውን እየፈለጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በጎረቤታችን በጋሽ ፍሰሐ ታክሲ ይሁን በስልክ እንጃ፣ ከዲሲ ማዶ ያሉት የአሌክሳንድሪያ ሐበሾች ጋ ደረሰ።

ደሙ ቀይ ስር ነበር። አስኳሉ ቀለሙን ከግድግዳው የሚያጣብቅ ነው። የሙርኮ ፀጉር ደግሞ ብሩሽ ነው! በሳቸው አገር ሴቶቹ ከድመት ፀጉር ብሩሽ ይሠራሉ አሉ፤ አንዴ ከተነከረ ረጅም መስመር ያወጣል፣ ጫፉም እንደ መርፌ ይቀጥናል። ይሄንን በደንብ ያወቅኩት አምና ነው። ልጄ ዮሐና "ማሚ፣ አሌክሳንድሪያ የዩክሬን ሴቶች ሥዕል እያሳዩ ነው፤ ያቺ የድሮ ጎረቤትሽም አለችበት" ብላ ነድታ ወሰደችኝ። ስገባ ምን ተሰቅሎ ባይ ጥሩ ነው? የፍሪጅ በር! ወተት እያወጣሁ የጠጣሁበት ፍሪጅ በር፣ የሳሉበት ሰርገኛም ፈረሱም እንዳለ፣ መብራት በርቶለት! አጠገቡ በደቃቁ የተጻፈውን፣ መነጽሬን ረስቼ፣ ልጄ አነበበችልኝ። ማንም አላስተማራቸውም ይላል። ልጅ ሆነው አያታቸው በየፋሲካው ምድጃውን ነጭ ቀብተው አበባ ሲስሉበት ያዩ ነበር፤ ትምህርታቸው ያ ብቻ ነው። በሃያ አንድ ዓመታቸው ጀርመኖች ለጉልበት ሥራ በባቡር ጭነው ወሰዷቸው። ከዚያ ካምፕ፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ የሰው ቢሮ ወለል። እስከ ስልሳ ዓመታቸው ብሩሽ ይዘው አያውቁም። ስልሳ ሲሞላቸው ጉልበታቸው ቤት አስቀመጣቸው፤ እጃቸው ግን አልቀመጥ አለ።

ይሄን ሁሉ በስምንት ዓመቴ ማን ይነግረኛል?

በነጋታው እሁድ በራቸውን ከፈቱና በጣታቸው ጠሩኝ። ድመቱ አልቆ ተራው የኔ የደረሰ መሰለኝ። ግን እንዴት ሳላይ ልቅር? ገባሁ።

ስሙኝ፣ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም! ከመሬት እስከ ጣሪያ አበባ ነው፤ የትም አገር የማይበቅል፣ ሆዱ ውስጥ ሌላ አበባ ያረገዘ አበባ። ወፎቹ እንደ ሴት ሽፋሽፍት አላቸው። አንበሳ አለ፣ ግን አንበሳ አይተው ስለማያውቁ የሳቀ ውሻ ሆኗል። ባኞው ውስጥ ዓሣ። የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ሐብሐብ። ጣሪያው ላይ አንድ ግዙፍ ቀይ አውራ ዶሮ ፀሐይን በአፉ ይዞ ክንፉን ዘርግቷል። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ራሴን አዞረኝና ቂጤ ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ ዳርካ ሳቁ። ከዚያ ብሩሹን አስይዘውኝ እጄን በእጃቸው ይዘው አንድ ቅጠል ሳልን። እንደ ዱባ ፍሬ ጀምሮ እንደ ክር የሚያልቅ ቅጠል። ወተት ከነብስኩት ሰጡኝ። ስወጣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ሽሽሽ።"

ይሄ በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ገብቶኛል። ድመት የመብላቱን ነገር ግን ለእትዬ ዘይነብ አላስተባበልኩም። ጥሩ ወሬ ማበላሸት አልወድም።

ሚስጥሩን ከእሁድ ከሰዓት እስከ ሰኞ ከሰዓት ያዝኩት። ለኔ ሪከርድ ነው። ሰኞ ላውንድሪ ሩም ውስጥ ልብሳችንን ስጠብቅ ማናጀሩ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡ ላይ መቶ ቁልፍ የሚንሿሿ ነጭ ሰውዬ ነው፤ ባለቁልፉ ነበር የምንለው። ማስቲካ ሰጠኝና "እንዴት ነው፣ ሁሉ ሰላም?" አለኝ። እንደው ዝም ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

"ሦስት መቶ አራት ግድግዳው ላይ ወፎች አሉ። ባኞው ውስጥ ዓሣ አለ። ሴትዮዋ ናቸው የሳሉት። እኔም አንድ ቅጠል ስያለሁ።"

ባለቁልፉ ማኘኩን አቆመ። "ኢዝ ዛት ሶ?" አለና ወጣ።

ማክሰኞ እማማ ዳርካ ወረቀት ይዘው በራችንን ደበደቡ። እኔ አነበብኩት። ሐሙስ ከሰዓት፣ በኛ ስምንት ሰዓት፣ ኢንስፔክሽን፣ ቤት ፍተሻ፣ ይመጣል። በሊዙ፣ በኪራይ ውሉ ማለት ነው፣ ግድግዳው ነጭ መሆን አለበት፤ ድመትም ውሻም ክልክል ነው፤ አለዚያ ቤቱን ይለቃሉ። ለእማዬ ተረጎምኩላት። ለእማማ ዳርካ መተርጎም አላስፈለገም፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው እማዬን በእጇ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው አስገቧት።

እማዬ መሃል ቤቱ ቆማ በጣም ቆየች። "ውይ እማማ!" አለች በመጨረሻ። "ይሄን ሁሉ ደብቀው!" ከዚያ ወደኔ ዞር አለች።

"ማስቲካውን ማን ሰጠሽ?"

"መምህሬ" አልኳት። ዋጥኩት።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ዘይነብ መጡና ከእማዬ ጋር ወጥ ቤት ገብተው በር ዘጉ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ውሃ ቧንቧው ይንኳኳል፣ ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

"…ነጭ ቀለም ገዝተን ብንቀባውስ?" የእትዬ ዘይነብ ድምፅ ነው።

"ሄደሽ እይው፤ ካየሽው በኋላ እጅሽ ከተነሣ ቅቢው።"

ቧንቧው ተንኳኳ። ከዚያ የእማዬ ድምፅ፦

"…በቃ ሐሙስ እማማ ዳርካ ቤት ለቅሶ ነው።"

"በስንት ሰዓት?"

"በስምንት። እኛ ከሰባት ጀምሮ እንቀመጥ።"

"ለአሌክሳንድሪያዎቹ ፍሰሐ ይንገራቸው። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ።"

"እሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ?" ብለው ቀጠሉ እትዬ ዘይነብ።

"ነግሬያቸዋለሁ። ጥቁር ልብስ አለኝ ብለዋል። ዘይነባ፣ ያቺ ምላሳም እንዳትሰማ አደራ!"

የሽንት ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ቀኑና ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ እኔው ነኝ ያነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚሞትበትን ቀን በደብዳቤ ያሳውቁታል ማለት ነው! ሐሙስ በስምንት ሰዓት ባለቁልፉ መጥቶ ይገድላቸዋል። ለምን? ግድግዳ ስለሳሉ። ማን ነገረባቸው? እኔ። በአንድ ማስቲካ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ምሳዬን ሳልበላ ይዤላቸው ነበር፤ ኩኪ፣ ግማሽ ሳንድዊች፣ አንድ ብርቱካን። ተሰናባች ሰው ይጹም እንዴ?

"ፈርተዋል?" አልኳቸው።

"ፈራሁ? ኖ። ደከመኝ" አሉ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው።

"ያማል?"

"ጉልበት? ሁልጊዜ።"

"ነገ ምን ይለብሳሉ?"

ደስ አላቸው። ከቁም ሳጥን ጥቁር ቀሚስ አወጡ፣ ከስሩ የሚለበስ በቀይ ክር የተጠለፈ ሸሚዝም አሳዩኝ። "ማማሽ ጥቁር አለች። እኔ ውስጥ ቀይ።" ጠቀሱኝ። ጠቀሱኝ እኮ! እንዲህ ያለ ጀግና አይቼ አላውቅም።

"ሙርኮስ?"

"ሙርኮን አንቺ ውሰጂ። ነገ። በር ዝጊ፣ አጥብቀሽ ያዢ።"

ድመቱን ተናዘዙልኝ ብዬ አንገታቸው ስር ገብቼ አለቀስኩ። ንፍጤ ሁሉ ሻሻቸው ላይ ቀረ። እሳቸው ጀርባዬን እየመቱ "ምን ሆነች ይቺ ልጅ?" በሚመስል ዜማ የሆነ ነገር ይላሉ። እንዲያው ድመቱን ከማናጀሩ ዓይን ደብቂልኝ ማለታቸው ነበር።

ሐሙስ እማዬ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ፤ ለኔ ሌላ ማስረጃ ሆነ። ሙርኮን አቅፌ በራችን ላይ ባለችው ቀዳዳ ኮሪደሩን አያለሁ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይጎርፉ ጀመር። ጋሽ ፍሰሐ ከአሌክሳንድሪያ በታክሲው አራት ጊዜ ተመላልሷል። ሲያመጣቸው ምን ብሎ እንደነገራቸው ታውቃላችሁ? "ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ አለ።" በቃ። ማን ሞተ ያለች የለችም፣ መንገድ ላይ ይደረስበታል ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። ከሃያ ሁለቱ ሴቶች አስራ አራቱ ለቅሶው የውሸት መሆኑን አያውቁም! ይሄን እትዬ ዘይነብ እስከ ዛሬ ሲያወሩት ትን ይላቸዋል። አንዷ በሩ ላይ ስትደርስ "ማነው የሞተው?" ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

"ዝም ብለሽ አልቅሺ፣ በኋላ እነግርሻለሁ።"

"እሺ" አለችና "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ ገባች።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሹ ሹ ሹ። ቁልፎቹ በደረጃው እየወጡ ነው። ባለቁልፉ በቀዳዳዬ ፊት አለፈ፤ እጁ ላይ የሚጻፍበት ሰሌዳ ይዟል። በሩ ተከፈተለት። ጩኸቱ ጨመረ። ሙርኮ ደረቴን ይቧጥጣል። ሞቱ፣ አሁን ሞቱ፣ አሁን! አልቻልኩም። በሩን በርግጄ ከነድመቴ ሮጥኩ።

ሃያ ሁለት ሴቶች ግድግዳውን ዙሪያውን ከበውታል። የኋለኞቹ ወንበርና ሶፋ ላይ ቆመዋል፣ የፊተኞቹ መሬት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ከእጅ ወደ እጅ ዘርግተውታል፤ ቤቱ በሙሉ ነጭ። በእትዬ ዘይነብ ጆሮ አጠገብ ብቻ አንድ ቀይ የወፍ አፍ ብቅ ብሏል። መሃል ላይ እማማ ዳርካ፣ በጥቁር ቀሚስ፣ ወንበር ላይ፣ ጉንጫቸው እንደ ቲማቲም!

"አልሞቱም!" ብዬ ጮኽኩ። "አልሞቱም እኮ!"

"ማነው ያልሞተው?" አለች አንዷ የአሌክሳንድሪያ ሴት፣ ደረቷን መምታቷን አቁማ።

እማዬ ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ። "አንቺ ዝም በይና አስተርጉሚ። ባላቸው ነው የሞተው በይው።"

ባለቁልፉ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። "ሁ ፓስድ አዌይ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ባላቸው" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"መቼ?"

"ትናንት በይው" አለች እማዬ። "ዛሬ ጠዋት በይው" አሉ እትዬ ዘይነብ በዚያው አፍታ። ሁለቱን አየኋቸው። የትኛውን እንደምል ሳላውቅ እማማ ዳርካ ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ።

"ናይንቲን ፎርቲ ስሪ።"

ሴቶቹ ሁሉ ወደሳቸው ዞሩ።

"ፔትሮ" አሉ። "ቀብር የለም። ቄስ የለም። ማንም አላለቀሰ። እኔ ፋብሪካ፣ ማልቀስ ክልክል። ከዚያ ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ።" ዙሪያውን የተኮለኮሉትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። "ዛሬ፣ ለቅሶ።"

"ምን አለች?" አሉ ሴቶቹ።

ነገርኳቸው። ምንም አልጨመርኩም፤ በሕይወቴ ምንም ያልጨመርኩበት ትርጉም እሱ ብቻ ነው።

ከዚያማ ሕንፃው ተነሣ! "ወይኔ! ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሳይለቀስለት!" አስራ አራቱም ስምንቱም አንድ ሆኑ። እትዬ ዘይነብ ከወንበሩ ሳይወርዱ ሙሾ አወጡ፦

"ፔትሮ ፔትሮ ቢሉት አላይ አለ ዞሮ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ለቅሶው ደጅ አድሮ!"

"ወይ ፔትሮ! ወይ ጎበዙ!" ይሉ ጀመር፤ ቁመቱን እንኳ አያውቁት። እማማ ዳርካ ስሙን ሲሰሙ ሙሉ በሙሉ ተለቀቁ። እንደ ሕፃን፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እማዬ ደረት ላይ ተደፍተው አለቀሱ።

የባለቁልፉ አፍንጫ ቀላ። ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገ፤ ቢጫ ወረቀት ቀደደና አጣጥፎ እማማ ዳርካ ጉልበት ላይ አስቀመጠው፤ እሳቸው ሳያሳዩን ኪሳቸው ከተቱት። አንዷ መዳፉ ላይ ንፍሮ ዘገነችለት። አንዷን ፍሬ በላ፣ ሌላውን ኪሱ ከተተና በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ። ቁልፎቹን እንኳ እንዳይጮኹ በእጁ ይዟቸው ነበር።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ዘይነብ ከወንበር ወደቁ፣ በሳቅ። ነጠላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ያኔ ነው የአሌክሳንድሪያ ሴቶች ዞር ብለው፣ ፊታቸውን ሸፍነው እያለቀሱ ሲገቡ ያላስተዋሉትን፣ የተደገፉትን ነገር ያዩት። እንባቸው ሳይደርቅ ከመሃላቸው አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው። ለቅሶ ቤት እልል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዴት ሸወድነው! እያልኩ ነው ያደግኩት። ለልጆቼም እንደዚያ ብዬ ነው የነገርኳቸው።

በሳምንቱ እማማ ዳርካ ጠሩኝ። ሶፋውን ገፉና ከግድግዳው ስር፣ ወለሉ አጠገብ፣ ባዶ ቀርታ የነበረችውን ቦታ አሳዩኝ። ሃያ ሁለት ነጭ ወፎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዷ ነጠላ ለብሳለች፣ ከነጥለቱ። አንዷ ወንበር ላይ ቆማ አፏን በረጅሙ ከፍታለች። መጨረሻ ላይ ነጠላ የሌላት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ አፏ ክፍት ነው፣ ከአፏ ቀይ ነገር ወጥቷል። እየዘፈነች መሰለኝ። "ይቺ እኔ ነኝ?" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሳሙኝ።

እማማ ዳርካ ሲሞቱ፣ የዚያኔ የእውነቱ፣ ኩባንያው ሰዎች ልኮ ቤቱን ሦስት ጊዜ ነጭ ቀባው። ፍሪጁንና ዕቃውን የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ወሰዱት። ለኔ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተዉልኝ፣ ውስጡ የሙርኮ ብሩሾች። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ቢሮ ሄጄ "ሦስት መቶ አራት ካልሆነ ቤት አልፈልግም" አልኩ። እነሆ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማርያማዊት፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነገር መጎርጎር ከማን እንደወረሰች አይታወቅም፣ ቆርቆሮዋን ገልብጣ አራገፈቻት። ከታች የተነጠፈ ቢጫ ወረቀት ነበር። እኔ እድሜ ልኬን ብሩሾቹን እንጂ ምንጣፋቸውን አላየሁም።

"ግራንድማ፣ ኋት ኢዝ ዚስ?" ብላ አነበበችልኝ። "ሦስት መቶ አራት። ግድግዳ፦ ነጭ። ጣሪያ፦ ነጭ። ድመት፦ የለም።"

ቁጭ አልኩ።

ጣሪያ! ሃያ ሁለት ሴት፣ ያ ሁሉ ነጠላ፣ አንዳችን እንኳ ቀና ማለትን አላሰብንም! ያ ሁሉ አውራ ዶሮ ፀሐይ በአፉ ይዞ ከሰውዬው ራስ በላይ ክንፉን ዘርግቷል። ድመቱ ደግሞ እኔ እቅፍ ውስጥ ሆኖ የሰውዬውን እጅጌ እየቧጠጠ ነበር። ሁሉንም አይቷል። አይቶ ነው "ነጭ፣ ነጭ፣ የለም" ብሎ የጻፈው። ስንሸውደው ተሸውዶልን ሄዷል።

ስቄ ስቄ እንባዬን ስጠርግ፣ ማርያማዊት የለችም። ሶፋው ኋላ ገብታ በሾርባ ማንኪያ ግድግዳውን እየፋቀች ነው። "አቁሚ!" ልላት ነበር። ከነጩ ቀለም ስር አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ። የነጠላ ጥለት። ሄጄ ሌላ ማንኪያ አመጣሁ።

እስከ ትናንት አስራ አንድ ወፎች አውጥተናል። አስራ አንደኛዋ ትንሿ ናት። መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። እየዘፈነች አይደለም። ምላሷን ነው ያወጣችው፤ ከሰውነቷ የሚረዝም ምላስ! እማማ ዳርካ ማን እንደተናገረባቸው ያውቁ ነበር፤ ያውቁና ወተት ይሰጡኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከአዲሱ ማኔጅመንት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት ኢንስፔክሽን አለ ይላል። ግድግዳዬን አየሁት። አስራ አንድ ወፍ፣ የተቀረው ፍርፋሪ። እንደገና ይቀቡታል፣ እኔንም ያስወጡኛል። አላመነታሁም፤ እትዬ ዘይነብን ኮል አደረግኩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ጋ ናቸው፣ ጆሯቸው ከኔ ይሻላል።

"እትዬ ዘይነብ፣ ሐሙስ ለቅሶ አለ።"

"የት?"

"ሦስት መቶ አራት።"

ያ የድሮ ሳቃቸው መጣ። "ማን ሞተ እንበል?"

"እስክትደርሱ አንድ ሰው አይጠፋም።"

"ሙሾውን አልረሳሁትም። ሴቶቹን ለኔ ተይልኝ፤ ማን ሞተ የምትል አላመጣም።"

ስልኩን ስዘጋ ማርያማዊት ማንኪያዋን ይዛ አፍጣ ታየኛለች። ሰምታለች። ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ሁ ዳይድ፣ ግራንድማ? ሐሙስ ማነው የሚሞተው?"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያቺ ትንሿ ወፍ ከሶፋው ኋላ ታየችኝ።

ምላሴን አወጣሁላት፣ የምችለውን ያህል አርዝሜ፣ ሳቋ እስኪያመልጣት። ከዚያ ጎኔ አስቀመጥኳትና እንዲህ ብዬ ጀመርኩላት፦ "በስምንት ዓመቴ ሰው ገድያለሁ።"